የአረብ ብረት እብጠትና የአዮን ጨረራ ጥናት ታሪክ

የአቶም ኃይል ማመንጫ የሚነድፉ መሐንዲሶች አረብ ብረት በኒውትሮን ጨረራ ብዛት እንደሚጠነክርና በቀላሉ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ቀደም ብለው ያውቁ ነበር። ያብጣል ብለው ግን አልጠበቁም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. ኮውቶርንና ፉልተን የተባሉ ብሪታንያውያን ተመራማሪዎች፣ በሰሜን ስኮትላንድ በዳውንሬይ ፈጣን ሪአክተር ውስጥ ነዳጁን አቅፎ የቆየውን የማይዝግ አረብ ብረት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረው፣ በውስጡ እልፍ ደቃቅ ባዶ ሥፍራዎች ማግኘታቸውን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ገለጡ። መጠኑ ቢያንስም፣ ነገሩ ሊጥ ቦክቶ ኩፍ እንደሚል ያለ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፈጣን ኒውትሮን የብረት አቶምን ሲመታ አቶሙ ከሥፍራው ተነቅሎ ሌሎቹን ይገፋል፤ ከዚህም የተነሣ ክፍት ሥፍራና ማረፊያ ያጣ ትርፍ አቶም ይፈጠራሉ። አብዛኞቹ ተመልሰው ይገናኛሉ። ነገር ግን ትርፍ አቶሞች በክሪስታሉ ውስጥ ወዳሉት የአቶም ድርድር መዛነፎች ይበልጥ ስለሚሳቡ፣ ክፍት ሥፍራዎች በርክተው ይቀራሉ። ሙቀቱ ከ350 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆንም ተሰብስበው ጉድጓድ ይሆናሉ። ጨረራውና ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እብጠቱ የተስተካከለ አይደለም፤ ቱቦዎች ይጎብጣሉ፤ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ መተላለፊያም ይጠብባል።

ይህን በሪአክተር መመርመር ዓመታት ይፈጃል፤ ናሙናውም ራሱ ጨረር አመንጪ ስለሚሆን በቅርብ አይነካም። ስለዚህ በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በሃርዌል ቤተ ሙከራ ኔልሰንና ባልደረቦቻቸው ሌላ መንገድ ያዙ። በማፍጠኛ መሣሪያ የተወረወሩ አዮኖችን በብረቱ ላይ በማዝነብ፣ በሪአክተር ዓመታት የሚጠይቀውን ጉዳት በሰዓታትና በቀናት ማድረስ ቻሉ። የሁለቱን ጉዳት ለማነጻጸር፣ እያንዳንዱ አቶም በአማካይ ስንት ጊዜ ከሥፍራው እንደተነቀለ የሚገልጸው መለኪያ አገለገለ። ኖርጌት፣ ሮቢንሰንና ቶረንስ በ1975 ዓ.ም. ያቀረቡት የስሌት ዘዴም የጋራ መለኪያ ሆነ።

ይሁን እንጂ ፍጥነቱ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የከባድ አዮን ጉዳት ከብረቱ ገጽ ጥቂት ማይክሮሜትር አያልፍም። ጉዳቱ ከሪአክተሩ በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚፈጥን፣ አቶሞች ለመንቀሳቀስ በቂ ጊዜ አያገኙም፤ ይህንንም ለማካካስ የሙከራው ሙቀት ከፍ ይደረጋል። ኒውትሮን በብረቱ ውስጥ የሚፈጥረው ሂሊየምም በአዮን ሙከራ ስለማይገኝ ለብቻው መጨመር አለበት።

ዘዴው ግን አረብ ብረቶችን በእብጠት መቋቋም ለማማረጥ ጠቅሟል። ፌሪቲክና ማርቴንሲቲክ የሆኑት ዓይነቶች ከተለመደው የማይዝግ አረብ ብረት እጅግ ያነሰ እንደሚያብጡ በአዮን ሙከራም በሪአክተርም ታይቷል።

ዛሬ የሚያሳስበው የማረጋገጫው ጉዳይ ነው። የዳውንሬይ ፈጣን ሪአክተር በ1977፣ በአሜሪካ የአይዳሆው ኢ.ቢ.አር.-2 በ1994፣ የፈረንሳዩ ፌኒክስ በ2009 ዓ.ም. ሥራ አቁመዋል። የሪአክተር ማስረጃ የሚገኝባቸው ሥፍራዎች በተመናመኑ ቁጥር የአዮን ሙከራ ሸክም ይከብዳል። አዮኑ ጉዳቱን ፈጥኖ ያሳያል፤ ለብረቱ ዋስ የሚሆነው ግን በሪአክተር ውስጥ ያሳለፈው ዘመን ነው።