ከግሸን አምባ እስከ ኢየሩሳሌም፦ የእማሆይ ጽጌማርያም ፒያኖ

እስቲ ጠጋ በሉና አድምጡኝ፤ የአንዲት ሴት ታሪክ ልንገራችሁ። ዘመኑ 1916 ዓ.ም. ነው፤ አገሩ አዲስ አበባ። በከንቲባ ገብሩ ደስታና በወይዘሮ ካሳዬ የለምቱ ቤት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ስሟንም የውብዳር አሏት። አባቷ ባሕር ማዶ ተምረው የመጡ፣ ጎንደርን በከንቲባነት ያስተዳደሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ስድስት ዓመት ሲሞላት ከእህቷ ከስንዱ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ላኳት። ስንዱ ማለት ኋላ ደራሲዋና በፓርላማችን የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ የሆኑት ስንዱ ገብሩ ናቸው።

በዚያ ብርዳም አገር፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለች፣ አንድ ዓይነ ስውር ሰው ፒያኖ ሲጫወት ሰማች። ከዚያ ወዲያ ልቧ አላረፈም። ፒያኖ ተማረች፤ ቫዮሊንም ያዘች።

አገሯ ተመልሳ ብዙ ሳትቆይ ጠላት ገባ። ጣሊያን ከቤተሰቡ ሦስቱን ገደለ፤ እሷንና የተረፉትን ዘመዶቿን ወደ አዚናራ ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ አጋዘ። ጠላት ከተባረረ በኋላ ካይሮ ወረደች። አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ መምህር ተቀብሎ አስተማራት። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ትለማመድ ነበር፤ ገሚሱን በፒያኖ፣ ገሚሱን በቫዮሊን። ሙቀቱ ግን አልተስማማትምና ታማ ተመለሰች። መምህሯም አብሯት መጥቶ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞችን እንዲመራ ተሾመ።

አሁን የሎንዶን በር ተከፈተ። በሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ የመማር ዕድል አገኘች። ደስታዋ ሳይበርድ ግን መሄድ ተከለከለች። እህል አልቀምስም አለች። ቀናት አለፉ፤ ሰውነቷ ከዳት፤ ሆስፒታል ገባች። ያቺ ልጅ ሞት አፋፍ ላይ ሆና ሥጋ ወደሙ ስጡኝ አለች። ቆረበች፤ ረጅም እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትነቃ ሐሳቧ ሁሉ ወደ ገዳም ሆኗል።

ግማደ መስቀሉ ወዳለበት ወደ ግሸን ማርያም ወጣች። እዚያ መነኮሰች፤ ጽጌማርያም ተባለች። ከእንግዲህ አንቱ ነው የምንላቸው። አሥር ዓመት በባዶ እግራቸው፣ በጭቃ ጎጆ ኖሩ። ፒያኖ የለም፤ ጸሎት ብቻ። እግራቸው ሲታመምባቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ የተተወውንም ፒያኖ እንደገና ከፈቱ።

ቀጥሎ ጎንደር ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ሄደው፣ ማለዳ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ በደጃፉ የተኙ ወጣቶች ያያሉ። እነማን ናቸው ብለው ቢጠይቁ የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ከሩቅ አገር በእግራቸው መጥተው፣ ቀን በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ለምነው፣ ማታ ደጅ የሚያድሩ የዜማ ተማሪዎች። እማሆይ በእጃቸው ገንዘብ የለም። ያላቸው ጣታቸው ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ረድተዋቸው፣ ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ። ገቢውንም ለድሆች አደረጉት።

ሙዚቃቸውን የሰማ ያውቀዋል። ግራ እጃቸው እንደ አውሮፓ ቫልስ በዝግታ ይራመዳል፤ ቀኝ እጃቸው ያገራችንን ቅኝት ይዞ እንደ ማሲንቆ እየተንቀጠቀጠ፣ እየዘገየ፣ መልሶ እየፈጠነ ይሄዳል። ምቱ በሰዓት ቆጣሪ አይለካም። ስዊዘርላንድና ካይሮ የተማሩት ትምህርትና ደብተራው ቅኔ ማሕሌት ቆሞ የሚያዜመው ዜማ በአንድ ሰው እጅ ተገናኝተዋል።

በ1984 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ገቡ፤ ደብረ ገነት ገዳም። ትንሽ ክፍል፣ አንድ ፒያኖ፣ ግድግዳው ላይ ራሳቸው የሳሏቸው ቅዱሳት ሥዕላት። ዓለም በሰፊው የሰማቸው በ2006 እ.ኤ.አ.፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የሙዚቃ ተከታታይ 21ኛው ቅጽ ላይ ሥራዎቻቸው ሲወጡ ነው። ያኔ ሰማንያን አልፈዋል። ማያ ዱኒየትስ የምትባል እስራኤላዊት ፒያኒስት ስትጎበኛቸው በእጃቸው የጻፉትን ኖታ በከረጢት ሞልተው አስረከቧት፤ በ2013 እ.ኤ.አ.ም መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው ኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ሎንዶን ላይ ቆሞ ያዝናል፤ ያዝን፣ የሚያሳዝን ነውና። እኔ ግን ጎንደር ላይ እቆማለሁ። እማሆይ ፒያኖን ከመድረክ ክብር አውጥተው ለተራበ ተማሪ እንጀራ አድርገውታል፤ ይህን ያደረገ ሰው ሕይወቱ ተቀጨ አይባልም። እንግዲህ ኖታው ታትሟል። ልጆቻችሁን ፒያኖ የምታስተምሩ ወላጆች፣ በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ መምህራን፣ ከሾፓንና ከቤትሆቨን ጎን የእማሆይን ኖታ ልጆቹ ፊት ዘርጉላቸው፤ ያገራቸውን ዜማ በፒያኖ ለመጫወት የሌላ አገር ሰው እስኪያስተምራቸው አይጠብቁ።