በእንግሊዝኛ ትምህርት የተከፈተ የወንጌል በር

ወደ መምህር ደጅ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚመጣው በአንድ ምክንያት አይደለም። አንዱ እውነትን ሽቶ ይመጣል፤ ሌላው እንጀራና ሹመት የሚገኝበትን ጥበብ ሽቶ ይመጣል። እግዚአብሔር ግን ሁለቱንም ይጠራል። ለዚህ ነገር በጃፓን አገር የዮኮሃማ ቤተ ክርስቲያን አጀማመር ምስክር ነው። ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፏል።

በጃፓን የክርስትና ሃይማኖት ከ1614 ጀምሮ በመላው አገር ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላውንም የሚያውጅ ሰሌዳ በየአደባባዩ ቆሞ ነበር። በ1859 ወደቦች ለውጭ አገር ሰዎች በተከፈቱ ጊዜ ሚሲዮናውያን ገቡ፤ ነገር ግን ለአገሩ ሰው ወንጌልን ለመስበክ ፈቃድ አልነበራቸውም። የአገሩ ጐበዛዝት ግን የባዕዳንን መርከብና መድፍ አይተው ነበርና፥ እንግሊዝኛ ለመናገርና ለማንበብ እጅግ ይጓጉ ነበር። ይህንንም ሹማምንቱ አልከለከሉም፤ እንዲያውም ራሳቸው ተማሪዎችን ይልኩ ነበር።

ስለዚህ በሆላንድ የተወለደው ጊዶ ቨርቤክ በናጋሳኪ እንግሊዝኛ ሲያስተምር መማሪያ ያደረገው አዲስ ኪዳንንና የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ነበር። በዮኮሃማም የሐኪሙ የጄምስ ሄፕበርን ሚስት ክላራ በ1863 ማስተማር ጀመረች። ይሁን እንጂ ቋንቋ መማር ብቻውን ሰውን አማኝ አያደርገውም፤ የቨርቤክ ተማሪ ኦኩማ ሺጌኖቡ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ እንጂ አልተጠመቀም።

በጃፓን ምድር ከፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን እጅ መጀመሪያ የተጠመቀውም እንግሊዝኛ ሊማር የመጣ ሰው አልነበረም። እርሱ ያኖ ሪዩዛን ይባላል፤ ለሚሲዮናዊው ለጄምስ ባላህ ጃፓንኛ የሚያስተምር ነበር። ሁለቱ የዮሐንስን ወንጌል አብረው ሲተረጕሙ ቃሉ ወደ ተርጓሚው ልብ ገባ፤ በ1865 በሕመም አልጋው ላይ ሳለ ተጠመቀ፤ ጥቂትም ቈይቶ ዐረፈ። መምህሩ ደቀ መዝሙር ሆነ፤ ደቀ መዝሙሩም መምህር ሆነ።

ከዚህ በኋላ ባላህ በዮኮሃማ በታነጸች ትንሽ የድንጋይ ጸሎት ቤት ወጣቶችን እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። በ1872 መጀመሪያ እነዚህ ተማሪዎች ለጸሎት ተሰብስበው የሐዋርያትን ሥራ በየዕለቱ ያነቡ ጀመር። አንብበውም ዝም አላሉም፤ ተንበርክከው፥ እያለቀሱም፥ በገዛ ቋንቋቸው ጸለዩ። ይህንን ያዩ የእንግሊዝና የአሜሪካ የጦር መርከብ አዛዦች በጸሎታቸው ልባቸው ተነካ። ትናንት የባዕድ ቋንቋ ለማወቅ ይደክሙ የነበሩት ዛሬ ባዕዳኑን አስደነቁ።

በመጋቢት ወር፥ በ10ኛው ቀን 1872፥ ዘጠኝ ወጣቶች ተጠመቁ፤ አስቀድመው ከተጠመቁ ሁለት ሰዎች ጋራ ዐሥራ አንድ ሆነው ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። ይህ ነገር ቀላል አልነበረም፤ ክልከላው ገና አልተነሣም፤ በናጋሳኪ አጠገብ ከኡራካሚ መንደር ስለ ሃይማኖታቸው የተጋዙ ከ3,000 የሚበልጡ ካቶሊካውያን በዚያ ጊዜ በግዞት ነበሩ። እንግሊዝኛ ብቻ የፈለገ ሰው ይህን መከራ ለመቀበል ምክንያት አልነበረውም።

የክልከላው ሰሌዳ በ1873 ተነሣ። አዲስ ኪዳን በጃፓንኛ በ1880 ታተመ፤ የብሉይ ኪዳንም ትርጕም በ1887 ተፈጸመ። የዮኮሃማይቱ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻ በ1923 በምድር መናወጥ ፈረሰ፤ ምእመናኑ ግን አልተበተኑም፤ በ1933 እንደ ገና ታነጸ፤ እስከ ዛሬም ይጸለይበታል።

እንግዲህ የውጭ ቋንቋ በር ሆነ እንጂ ቤት አልሆነም። ወጣቶቹ በዚያ በር ገብተው በአባቶቻቸው ቋንቋ እግዚአብሔርን ጠሩ። ለልዩ ልዩ ጕዳይ ወደ ደጇ የሚመጣውን እንግዳ በቅንነት የምትቀበልና የጠየቀውን ሳታታልል የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን፥ ያልጠየቀውንም የሕይወት ቃል በጊዜው ታካፍለዋለች።