ቀባሪው ሟቹን ሲያውቅ



በአንድ የወር ስብሰባችን ላይ ከወጣቶቹ አንዱ «ለመሆኑ ዕድር ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀን። እኛም ዕድር በስሙና በደንቡ የቅርብ ዘመን ነገር መሆኑን፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ሙቱን በሥርዓት መቅበሩ ግን ከመዝገብም ከመዋጮም እጅግ የቀደመ መሆኑን ነገርነው። ጥያቄው ከአእምሯችን ስላልወጣ፣ ከዛሬ አምስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በአውሮፓ የነበሩ ገበሬዎች ሙታናቸውን እንዴት እንደ ቀበሩ ያነበብነውን ለዘንድሮው መጽሔታችን ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑ የአዲሱ ድንጋይ ዘመን መጨረሻ ይባላል። ሰዎቹ ያርሳሉ፤ ከብትም ያረባሉ፤ ብረት ግን አያውቁም። ስለታቸው ከባልጩት የተጠረበ ነው። ጽሕፈት ስላልነበራቸው ሊቃውንቱ የሚጠሯቸው በሠሩት ሸክላ ነው። አንደኞቹን «ባለ ድቡልቡል እንስራ» ይሏቸዋል፤ ሌሎቹን ደግሞ ጭቃው ሳይደርቅ ገመድ እየተጫኑበት ያስጌጡ ስለ ነበር «ባለ ገመድ ሸክላ» ይሏቸዋል።

በ2011 በደቡብ ፖላንድ፣ ከክራኮው ከተማ በስተምሥራቅ በምትገኘው በኮሺትሴ መንደር የባለ ድቡልቡል እንስራዎቹ አንድ መቃብር ተገኘ። በውስጡ 15 ሰዎች ነበሩ፤ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን። የተቀበሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2880 እስከ 2776 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የሞቱትም ራስ ራሳቸውን ተመትተው ነው። ሰው ሲመቱት እጁን አንሥቶ ይከላከላልና ክንዱ ይሰበራል፤ በነዚህ ላይ እንዲህ ያለ ስብራት ስላልታየ፣ ተይዘው የተገደሉ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል።

ይህን የሚሰማ ሰው፣ እንግዲያማ እንደ ነገሩ ጉድጓድ ውስጥ የተጣሉ ናቸው ማለቱ አይቀርም። እኛም እንዲያ መስሎን ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። አስከሬኖቹ በጥንቃቄ ተጋድመው፣ እንስራው፣ የባልጩት መሣሪያውና የአጥንት ጌጡ አብሯቸው ተቀምጦ ነበር። በ2019 ደግሞ ዲ.ኤን.ኤ. የሚሉት የዘር ምርመራ ውጤት ወጣና ምሥጢሩን ገለጠው። ለካ የአንድ ትልቅ ቤተ ሰብ ሰዎች ኖረዋል! እናት ከልጇ ጋር፣ ወንድም ከወንድሙ ጎን ተኝቷል። አንድ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ እናቱም አባቱም በመቃብሩ ውስጥ የሉም፤ እሱንም ቢሆን ለብቻው አላስቀሩትም፤ ከሌሎች ዘመዶቹ አጠገብ አስተኝተውታል። አንዲት ሴት ከማናቸውም ጋር በሥጋ አትዛመድም፤ እሷን ከአንድ ወጣት ወንድ አጠገብ አኑረዋታል። ምናልባት ሚስቱ ነበረች።

እንዲህ ያለው ነገር በአጋጣሚ አይሆንም። የቀበረው ሰው ይህች የማን እናት፣ ይህ የማን ልጅ እንደ ሆነ አንድ በአንድ ያውቅ ነበር። የልጆቹ አባቶች ደግሞ በአብዛኛው ከሟቾቹ መካከል የሉም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የሚገምቱት፣ አደጋው ሲደርስ አባቶቹ ከመንደሩ ርቀው ነበር፤ ተመልሰውም የገዛ ቤተ ሰባቸውን የቀበሩት እነሱ ናቸው የሚል ነው። በእኛ አገር «ለቀባሪው አረዱት» ይባላል፤ ለነዚያ አባቶች ማን ምን ሊያረዳቸው ይችል ነበር?

ሁለተኛው ቦታ በጀርመን አገር፣ በዛክሰን አንሃልት ክፍል የሚገኘው ኦይላው ነው። እዚያ በ2005 ከዛሬ 4600 ዓመት ገደማ በፊት የተቆፈሩ አራት መቃብሮች ተገኙ፤ በውስጣቸው 13 ሰዎች ነበሩ። እነዚህም የተገደሉ ናቸው፤ በአንዲቱ ሴት የጀርባ አጥንት ውስጥ የባልጩት ቀስት ተሰክቶ ቀርቷል። ባለ ገመድ ሸክላዎቹ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው፤ ወንድ በቀኝ ጎኑ፣ ሴት በግራ ጎኗ ሆነው ፊታቸው ወደ ደቡብ ይዞራል። በኦይላው ግን ደንቡ ለሐዘኑ ቦታ ለቀቀ። በአንደኛው መቃብር አባት፣ እናትና ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ፤ ዝምድናቸውም በ2008 በዘር ምርመራ ተረጋግጧል። ልጆቹ ፊታቸው ወደ ወላጆቻቸው ዞሮ፣ ክንድና እጃቸው ተያይዞ ነው የተቀበሩት። በሌላው መቃብር ደግሞ አንዲት ሴት ያልወለደቻቸው ሁለት ልጆች አብረዋት አሉ፤ እንጀራ እናታቸው ወይም አክስታቸው ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። ቀባሪው የቆጠረው አብሮ መኖርንም ጭምር ነው ማለት ነው።

ይህን ስናነብ ያስታወሰን አንድ የራሳችን ጥፋት አለ። የዕድሩን መዝገብ በያዝንበት ዘመን፣ በአንድ አባል ቤት ተጠግተው ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት ዐረፉ። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ቀብሩም በወጉ ሆነ። በመዝገባችን ላይ ግን የጻፍነው «አንድ ጥገኛ» ብለን ብቻ ነበር። ዘመዳቸው ማን እንደ ሆነ ስላልያዝን የምንልክበት አድራሻ አልነበረንም። አርባቸው ካለፈ በኋላ ወንድማቸው ከገጠር መጡ። ተቆጥተውም አልተናገሩን፤ «እህቴን ከማን ጎን አሳረፋችኋት?» ብለው ብቻ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይቆረቁረናል።

የኮሺትሴ ሰዎች ብዕርም ወረቀትም አልነበራቸውም፤ መዝገባቸው በልባቸው ነበር። እኛ ብዙዎች ነንና በልብ ብቻ አንችለውም። ስለዚህ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ቤታችሁ ሲመጣ፣ እባካችሁ የቤተ ሰቡን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛዋን፣ የምታሳድጉትን ልጅ፣ ተጠግተው የሚኖሩትንም ስም ከነአባታቸው፣ አገር ቤት ካለ ዘመዳቸው ጋር አስመዝግቡ።

አባቶቻችን ሲመርቁ «ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይላሉ። እኛ ደግሞ አንዲት ቃል እንጨምርበት፤ የሚያውቃችሁ ቀባሪ አያሳጣችሁ።