ቻርለስ ዲክንስ የደበቀው የልጅነት ታሪክ

«ኦሊቨር ትዊስት»ን የጻፈው እንግሊዛዊ ደራሲ ቻርለስ ዲክንስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1812 ፖርትስመዝ ከተማ ነው። 12 ዓመት እንደሞላው ት/ቤት መሄድ ሲገባው ለንደን ውስጥ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ተቀጠረ። ሥራው የቀለም ዕቃዎች ላይ ወረቀት መለጠፍ፣ ክፍያው ደሞ በሳምንት 6 ሽልንግ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አባቱ ዕዳ መክፈል አቅቶት ማርሻልሲ እስር ቤት ገባ።

ዲክንስ በኋላ ት/ቤት ቢመለስም ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ15 ዓመቱ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆነ፤ ከዚያ ሾርትሃንድ ተምሮ የፓርላማ ዘጋቢ ጋዜጠኛ ሆነ።

ዝና ያገኘው በ1836 በጀመረው «የፒክዊክ ወረቀቶች» ነው። ልብወለዱ የሚወጣው በየወሩ ሲሆን የአንዱ ክፍል ዋጋ 1 ሽልንግ ነበር። እኛ ተከታታይ ድራማ እንደምንጠብቀው አንባቢም ቀጣዩን ክፍል ይጠብቅ ነበር። ሙሉ መጽሐፍ መግዛት የሚከብደው ሰውም በየወሩ እየከፈለ አነበበ።

በዚህ ሁሉ ዝና ውስጥ ግን የፋብሪካውን ነገር ለሕዝብ ተናግሮ አያውቅም። ለጓደኛው ለጆን ፎርስተር ነገረው፤ ለአንባቢ ደሞ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» በሚለው ልብወለዱ ውስጥ ሸሸገው። እዚያ ላይ ትንሹ ዴቪድ የወይን ጠጅ መጋዘን ውስጥ ጠርሙስ ያጥባል፣ ወረቀት ይለጥፋል።

ዲክንስ ሰኔ 1870 የመጨረሻ ልብወለዱን ሳይጨርስ በ58 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ዌስትሚንስተር አቤይ ነው። ከዚያ ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። አንባቢዎች የዴቪድ መከራ የደራሲው የራሱ እንደነበር ያወቁት ያኔ ነው።