የሊቨርፑል ባለቤቶች ሙግት
የሊቨርፑል እግር ኳስ ክለብ የጋራ ባለቤቶች የነበሩት አሜሪካውያን ቶም ሂክስና ጆርጅ ጂሌት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የክለቡን ሽያጭ ለማስቆም ያደረጉት ክርክር ነው። ክለቡን በ2007 የገዙት በብድር ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ እርስ በርስ ተኳረፉ። ደጋፊው ያላመጣው ዕዳ ክለቡ ላይ መከመሩ ከሁሉም ይከፋል። ኦክቶበር 5 ቀን ሂክስ ሽያጩን ለማስቆም ሁለት የቦርድ አባላትን ሽሮ ልጁንና አንዲት ባልደረባውን ለመተካት ሞከረ። የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ባለቤቶቹ ለአበዳሪው ለሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ በገቡት ግዴታ መሠረት፣ አባላትን የመሾምና የመሻር ሥልጣን የሊቀ መንበሩ የማርቲን ብሮተን ብቻ ነበር። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 13 ፈረደባቸው። ያን ዕለት ከዳላስ ፍርድ ቤት ያወጡት ጊዜያዊ እግድም አልጸናም፤ ኦክቶበር 15 ክለቡ በ300 ሚሊዮን ፓውንድ ለኒው ኢንግላንድ ስፖርትስ ቬንቸርስ ተሸጠ።