ደረጃ፣ ማኅበርና የጉድጓዱ ቀለበት

እ.ኤ.አ. በ2006 መገባደጃ ላይ፣ በዋሽንግተን ከተማ ከአንድ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ነበርሁ። ከአገሬ ከወጣሁ ስምንት ወር አልሞላኝም። ከመምጣቴ በፊት ሥነ ጽሑፍ አስተምር ስለነበር የትምህርት ማስረጃዬ ተገምግሞ ደረጃው እስኪነገረኝ እጠብቅ ነበር። ገምጋሚዎቹ የታሸገ ፖስታ ይጠይቃሉ፤ የታሸገው ፖስታ ሲደርሳቸው ደግሞ ማኅተሙ አይነበብም ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የአክስቴ ልጅ ምድር ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ባሏ ለራሱ ገዝቶ በታክሲ ሥራ ምክንያት ጊዜ ያጣለትን ኤክስቦክስ እከፍታለሁ። አንድ ዓመት የሞላት ልጃቸው ከጎኔ ምንጣፉ ላይ ዳዴ ትላለች። በቤቱ የነበረው ጨዋታ አንድ ብቻ ነበር፤ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ 4፡ ኦብሊቪየን»።

እነሆ ስለዚያ ጨዋታ ልጽፍ ነው። የግጥምና የልብ ወለድ ወዳጅ የሆነ አንባቢ ፊቱን እንዳያዞርብኝ እለምናለሁ። ጨዋታው ከሁሉ አስቀድሞ ያዘዘኝ ገጸ ባሕርይ እንድፈጥር ነበር፤ እኔ ደግሞ ይህን ቃል ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርሁ ሰው ነኝ። እኔ የማውቀው ገጸ ባሕርይ በመከራ ይለወጣል፤ ለውጡን አንባቢ ራሱ ይደርስበታል እንጂ በቁጥር የሚነግረው የለም። የኦብሊቪየኑ ግን ሃያ አንድ ችሎታዎች አሉት፤ እያንዳንዱም ከመቶ ይቆጠራል። ጎራዴ 25፣ ፈውስ 30፣ ንግግር 15። ሰውን እንዲህ አድርጎ መቁጠር ከየት መጣ ብዬ መጠየቅ የጀመርሁት ያኔ ነው።

ምንጩ ጦርነት ነው፤ ማለቴ በጠረጴዛ ላይ በትንንሽ የብረት ወታደሮች የሚደረገው የጦርነት ጨዋታ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሚኒሶታ ግዛት ዴቭ አርነሰን የሚባል ወጣት ሙሉ ጦር ማዘዙን አስቀርቶ እያንዳንዱን ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ባለቤት አደረገው። ያ አንድ ሰው ከጦርነቱ ተርፎ በሚቀጥለው ጨዋታ ሲመለስ፣ ካለፈው ጊዜ ምን የተለየ ነገር ይዞ መጣ? መልሱ ደረጃ ሆነ። አርነሰንና የዊስከንሰኑ ጋሪ ጋይጋክስ በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ሲያወጡ (የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ነበር) እያንዳንዱ ደረጃ የማዕረግ ስም ነበረው። ተዋጊ በአንደኛው ደረጃ «ነባር ወታደር»፣ በአራተኛው «ጀግና»፣ በስምንተኛው «ታላቅ ጀግና»፣ በዘጠነኛው «ጌታ» ይባላል። ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ 2,000 የልምድ ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ነጥቡም የሚገኘው ጭራቅ በመግደልና ከዋሻ ወርቅ በማውጣት ነው። አንድ ወርቅ፣ አንድ ነጥብ። ልምድ የሚለካው በወርቅ ነበር ማለት ነው። ሐሳቡ በዓለም ላይ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው እንዲህ በግልጽ መጻፉ ነው።

በ1978 የታተመው «ሩንኩዌስት»፣ የስቲቭ ፔሪንና የባልደረቦቹ ሥራ፣ ይህን አፈረሰው። በእሱ ዘንድ ደረጃ የለም፤ ችሎታ ብቻ አለ፤ የተጠቀምህበትም ያድጋል። ጎራዴ ከመዘዝህ ጎራዴህ፣ ከተደበቅህ መደበቅህ። ችሎታህ ማደጉን ለማወቅ ዳይስ ትጥላለህ፤ የሚወጣው ቁጥር አሁን ካለህ ችሎታ መብለጥ አለበት። ስለዚህ ጥቂት የሚያውቅ ቶሎ ቶሎ ይማራል፤ ብዙ የሚያውቅ ለአንዲት እርምጃ ብዙ ይለፋል። የአብነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህን ሕግ ያለ ዳይስም ያውቀዋል።

ኦብሊቪየንን የሠሩት ሰዎች ለካ ጎረቤቶቼ ነበሩ። ቤተስዳ ሶፍትወርክስ በ1986 በክሪስቶፈር ዊቨር የተቋቋመው በሜሪላንዷ ቤተስዳ ሲሆን፣ በኋላ ወደ ሮክቪል ተዛውሯል። ከተማዋ ስሟን የወረሰችው ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የስሙ ምንጭም የሠላሳ ስምንት ዓመቱ በሽተኛ መጻጉዕ ተኝቶባት የነበረችው መጠመቂያ፣ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ የተባለችው ናት። ሲልቨር ስፕሪንግንና ሮክቪልን የሚያገናኘው ባቡር አንድ ነው፤ ቀዩ መስመር። ግን እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ዋሽንግተን መሀል ይወርድና እንደገና ወደ ሰሜን ይወጣል። እኔ በየማታው የምሄደው የሚወርደውን ግማሽ ነበር።

የተከታታዩ የመጀመሪያ ሥራ «አሬና» (1994) እንደ ቀደሙት በመግደል ነጥብ ይሰጥ ነበር። «ዳገርፎል» (1996) ግን በመሥራት ወደ ማደግ ዞረ። የ«ሞሮዊንድ» (2002) እና በመጋቢት 2006 የወጣው የኦብሊቪየን መሪ ነዳፊ ኬን ሮልስተን ነው፤ ከዚያ በፊት በጠረጴዛ ጨዋታዎች፣ ሩንኩዌስትን ጨምሮ፣ ሲሠራ የቆየ ሰው።

የኦብሊቪየን ሕግ እንዲህ ነው። ከሃያ አንዱ ችሎታዎች ሰባቱን ዋና ብለህ ትመርጣለህ። ሰባቱ በድምሩ አሥር ጊዜ ሲያድጉ ደረጃ ለመውጣት ትበቃለህ፤ የምትወጣው ግን ስትተኛ ነው። አልጋ ፈልገህ ካልተኛህ እዚያው ነህ። ቀን እንቅልፍ አጥቶ ለሚንከራተት የሌሊት ሠራተኛ ይህ ሕግ ምን ያህል ልብ እንደሚነካ ልነግራችሁ አልችልም። ስትነቃ ከስምንት የተፈጥሮ ኃይሎች፣ ማለትም ከጉልበት፣ ከብልሃት፣ ከፍጥነት፣ ከዕድልና ከመሳሰሉት፣ ሦስቱን መርጠህ ታሳድጋለህ፤ ጭማሪው ከ1 እስከ 5 ሊደርስ ይችላል፤ መጠኑን የሚወስነው በዚያ ደረጃ ላይ ሳለህ የተለማመድኸው ነገር ነው። ጥንቁቅ ተጫዋቾች ታዲያ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይቆጥሩ ጀመር። እንዲያውም ብልሆቹ የማይጠቀሙበትን ችሎታ ዋና ብለው ያስመዘግቡ ነበር፤ ደረጃቸው ሳይፈልጉት እንዳይወጣ። አስማተኛ መሆን የሚሻ ሰው «አስማት ዋና ሙያዬ አይደለም» ብሎ ቢፈርም ይሻለው ነበር ማለት ነው።

ደረጃ መውጣት የሚያስፈራው ዓለሙ አብሮህ ስለሚወጣ ነው። ክቫች የምትባለውን የተቃጠለች ከተማ በአንደኛ ደረጃ ከደረስህባት የሚጠብቁህ ትንንሽ አጋንንት ናቸው፤ በሃያኛው ከደረስህ ግን ግዙፎቹ። መንገድ ላይ መቶ ወርቅ ካልሰጠኸኝ የሚልህ ሽፍታ ከጊዜ በኋላ ቤተ መንግሥት የሚያስገዛ የጦር ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ የሚለምንህ ግን ያው መቶ ወርቅ ነው። በዚህ ብቻዬን ስስቅ የአክስቴ ልጅ ከላይ ወርዳ ደኅና መሆኔን ጠይቃኛለች።

ማኅበሮቹ ሌላ ታሪክ አላቸው። ሥራቸው ከአውሮፓ መካከለኛ ዘመን የሙያ ማኅበራት የተቀዳ ነው። የፓሪሱ ሹም ኤቲየን ቧሎ በ1268 ገደማ የመቶ ያህል ሙያዎችን ደንብ በአንድ መጽሐፍ አስጽፎ ነበር፤ ማን ተማሪ ይቀበል፣ ስንት ዓመት ያገልግል፣ ማን ለብቻው ይሥራ የሚለውን። በኋላ ዘመን በብዙ ሙያዎች ሠራተኛ «ጌታ» ለመባል የሙያውን ማሳያ ሠርቶ በጌቶች ፊት ማቅረብ ግድ ሆነበት። ሞሮዊንድ ይህን መንፈስ ጠብቋል። በአስማተኞች ማኅበር ከአባልነት እስከ ሊቀ አስማተኛ አሥር ማዕረጎች አሉ፤ ተልእኮ ብትፈጽምም ማኅበሩ የሚፈልገው ችሎታ ካልደረሰ አለቃው «ገና ነህ» ብሎ ይመልስሃል። ኦብሊቪየን ይህን መመዘኛ አነሣው፤ በእሱ ቦታ የድጋፍ ደብዳቤ አመጣ።

በአስማት ዩኒቨርሲቲው ለመግባት በሰባት ከተሞች ካሉ የማኅበሩ ቅርንጫፎች ከእያንዳንዱ አንድ የድጋፍ ቃል ማግኘት አለብህ። ሰባት! እኔ በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ የምጠብቀው ሦስት ደብዳቤ ነበር። በየከተማው ያሉት አለቆች አንዷ የተሰረቀ በትር አምጣልኝ ትላለች፣ ሌላዋ የጠፋ ሰው ፈልግልኝ ትላለች። በቼይዲንሃል ያለው ፋልካር ግን ከሁሉ ይለያል። ከቅርንጫፉ ጀርባ ካለው ጉድጓድ የወደቀ ቀለበት አውጣልኝ ይልሃል። ቀላል ነገር። ቁልፉን ልትቀበል ወደ ምክትሉ ዲትሳን ስትሄድ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቅሃለች፤ ከአንተ በፊት ቪድኩን የሚባል ተማሪ ለዚሁ ሥራ ተልኮ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ሸክም የሚያቀልል ድግምት ታስተምርሃለች። ጠልቀህ ስትወርድ የቪድኩንን ሬሳ ታገኛለህ፤ ቀለበቱም ከእሱ ዘንድ ነው። ክብደቱ 150 ነው፤ ከሙሉ የብረት ጥሩር የሚበልጥ። ሰውየው የሞተው የታዘዘውን በማድረጉ ነው።

እኔ ያን ጠዋት የዲትሳንን ድግምት ረስቼ ነበር። ቀለበቱን ስወስድ ከውኃው በታች መንቀሳቀስ አቃተኝ፤ ትንፋሼም ማለቅ ጀመረ። ጎራዴዬን ጣልሁ፣ ጋሻዬን ጣልሁ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያጠራቀምሁትን መጻሕፍት ጣልሁ፤ በዚያ ዓለም መጽሐፍም ይመዝናልና። ወጥቼ ስመለስ ፋልካር ጠፍቷል፤ ክፍሉ ሲፈተሽ ከሙታን ነፍስ ጋር የሚነግድ መሆኑን የሚያሳይ ጥቁር ድንጋይ ተገኘ። የድጋፍ ቃሉን የሰጠችኝ ዲትሳን ናት። ጥዬ የመጣሁትን መጻሕፍት ላወጣ ተመልሼ ወረድሁ፤ ቪድኩን እዚያው ነበር። ማንም አውጥቶ አይቀብረውም፤ እንዲህ ያለ ተልእኮ አልተጻፈም።

ስለ ሌቦቹ ማኅበር በአጭሩ ላውሳ፤ አለቃው የሚለብሰው ጭምብል ርግማን ስላለበት ለባሹን ሚስቱ እንኳ አታውቀውም። ለስደተኛ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ጨለማው ወንድማማችነት የሚባለው የነፍሰ ገዳዮች ማኅበር ደግሞ ንጹሕ ሰው ገድለህ ስትተኛ ራሱ መጥቶ ይቀሰቅስሃል። ብዙዎች የጨዋታው ምርጥ ድርሰት ይህ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በተዋጊዎች ማኅበር ውስጥ ያለችውን አንዲት ሌሊት አስበልጣለሁ።

የተዋጊዎቹ ማኅበር ብላክውድ የሚባል ተፎካካሪ ቡድን ተነሥቶበት እየከሰመ ነው። አለቃህ ሞድሪን ኦሬን ተመሳስለህ ከቡድኑ ግባና ሰልል ይልሃል። ትገባለህ፤ ከአንድ ዛፍ የተቀዳ ፈሳሽ ጠጣ ትባላለህ፤ ትጠጣለህ። ከዚያ ዋተርስ ኤጅ በምትባል መንደር ጎብሊኖች ገብተዋልና አጥፋቸው ተብለህ ትላካለህ። ታጠፋቸዋለህ፤ ቀላል ነው፤ አንዳንዶቹም እንደ መዋጋት አይሉም። ኋላ ስትነቃና ተመልሰህ መንደሯን ስታይ ጎብሊን የለም። የሞቱት ገበሬዎቹ ናቸው። አባቷን ከዕዳ ያወጣሁላት ልጅ የምትኖርባት መንደር ነበረች።

ያን ጠዋት የችሎታ ገጼን ከፈትሁ። የጎራዴ ችሎታዬ በአንድ ከፍ ብሏል። ቆጣሪው የመታሁትን ቆጥሯል፤ ማንን እንደመታሁ መጠየቅ የእሱ ሥራ አይደለም። ለአሥረኛዋ ጭማሪ የቀረኝ እሷ ብቻ ስለነበረች፣ አልጋ ፈልጌ ብተኛ ደረጃ እወጣለሁ። ማሽኑን አጠፋሁት።

በ2011 የወጣው «ስካይሪም» ስምንቱን የተፈጥሮ ኃይሎች አስቀርቶ ሕይወት፣ አስማትና ብርታት በሚሉ ሦስት ነገሮች ተካቸው፤ አንድ ሁለት ድግምት ብቻ የሚያውቅ ሰውም የአስማት ኮሌጁ የበላይ ለመሆን ይችላል። የቧሎ ሰዎች ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? የእኔ ማስረጃ በ2008 ተገመገመ፤ ከአራቱ ዓመታት ሦስቱን ተቀበሉልኝ።

ሚያዝያ 22 ቀን 2025 ኦብሊቪየን በአዲስ መልክ ታድሶ ወጣ። የደረጃውን አወጣጥ አቃልለውታል፤ በየደረጃው አሥራ ሁለት ነጥብ ይሰጥና እንደ ልብ ይደለደላል፤ ወረቀትና እርሳስ ቀረ። በዚያ ምንጣፍ ላይ ዳዴ ትል የነበረችው ልጅ ዛሬ ተማሪ ናት። ለክረምት ስትመጣ ገዝታው በዚያው ምድር ቤት ስትጫወት ከጎኗ ተቀመጥሁ። ፈሳሹን ስትጠጣ አየሁ፤ ምንም አላልሁም። ወደ መንደሯ ተመልሳ ሬሳዎቹን ስታይ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቀጥላም፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ የችሎታ ገጿን ከፈተች።

«ጋሼ፣ ይኼ የጨመረው እንዴት ነው የሚመለሰው?» አለችኝ።

በዚህ ጨዋታ ችሎታ የሚቀንሰው እስር ቤት ሲገቡ ብቻ መሆኑን፣ የትኛው እንደሚቀንስ ግን ዕጣ መሆኑን ነገርኋት። ጥቂት አሰበች። ፈረሷን ወደ ቅርቡ ከተማ አዞረች፤ ገበያው መሀል ዘብ ፊት ቆማ አንድ ፖም ሰረቀች፤ ቅጣት ክፈይ ወይም ታሰሪ ሲላት መታሰርን መረጠች። ስትፈታ ገጹን ከፍተን አየን። የቀነሰው ንግግሯ ነበር። ተመልሳ ሌላ ፖም ፍለጋ ሄደች።