የሰዋድ ቦዮችና የወታደር ደሞዝ፦ የጦር ወጪ በዐባሲያ ኢራቅ ያስቀረው ልማት

በዲጅላና በፉራት ወንዞች መካከል የተዘረጋውን የሰዋድ ምድር የሚያለማው ዝናብ ሳይሆን ቦይ ነው። ቦዩ በየዓመቱ በደለል ይሞላል፤ ዳርቻውም በጎርፍ ይሸረሸራል። ጠራጊና ጠጋኝ ካጣ ማሳው ይደርቃል፣ አለዚያም ጨው ይወጣበታል። ስለዚህ የዐባሲያ ኸሊፋዎች ግምጃ ቤት ከኸራጁ ገቢ ምን ያህሉን ለወታደር፣ ምን ያህሉን ለውሃው እንደሚያውል በየዓመቱ መወሰን ነበረበት።

ጉዳዩን የፊቅህ ሊቃውንት አስቀድመው አንስተውታል። በ182 ዓ.ሂ. (798 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ቃዲ አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት «ኪታብ አል-ኸራጅ» ውስጥ ወጪውን በግልጽ ይለያሉ። ገበሬው ወደ ማሳውና ወደ ወይን ቦታው የሚስበውን ንዑስ ቦይ በራሱ ወጪ ይጠርጋል፤ የታላላቆቹ ወንዞች ክትር፣ የውሃ በርና የተደረመሰ ዳርቻ ጥገና ግን በበይተ አል-ማል ላይ ይወድቃል፤ ከኸራጅ ከፋዩ አንዳች አይጠየቅም። ምክንያታቸው ጥቅሙ የሙስሊሞች ሁሉ መሆኑ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ሐሳብ የሰፈረው ስለ ግብር በሚያትት መጽሐፍ ውስጥ መሆኑ ነው፤ ቃዲው የቦይ ጥገናን የገዥው ቸርነት አድርገው አላዩትም፤ ግብር ከመሰብሰብ መብት ጋር የተሳሰረ ግዴታ አድርገው ቆጠሩት እንጂ።

ግዴታው በተግባር የተፈተነው አል-ሙተወኪል በ861 እ.ኤ.አ. በሳመራ በገዛ የቱርክ ወታደሮቹ እጅ ከተገደለ በኋላ ነው። በቀጣዮቹ ዘጠኝ ዓመታት አራት ኸሊፋዎች ተሹመው አለፉ፤ ከብዙዎቹ ሁከቶች በስተጀርባም ያልተከፈለ ደሞዝ ነበር። ኢማም አጥ-ጠበሪ በ252 ዓ.ሂ. ዘገባቸው የሠራዊቱ የዓመት ክፍያ ከመላው ግዛት የሁለት ዓመት ኸራጅ ጋር እኩል እንደሆነ ይገልጻሉ። ስሌቱ ተጋኖ ይሆናል፤ ሆኖም የዘመኑ ሰው ሸክሙን እንዴት ያየው እንደነበር ያሳያል። ደሞዙ የዘገየበት ወታደር ሰይፉን መዝዞ ከቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ይቆማል። ያልተጠረገ ቦይ ግን ድምፅ የለውም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ የመዝራቱ ወቅት አልፎ ገበሬው ከተሰደደ ወዲያ ነው። ቪዚሩም የቀረበውን አስፈሪ ያስታግሳል፤ የነገውን ገቢ ለዛሬው ጩኸት ይከፍላል።

ከዚያም ቦዩ ራሱ የጦር መሣሪያ ሆነ። በ326 ዓ.ሂ. (937/8 እ.ኤ.አ.) አሚር አል-ኡመራእ ኢብን ራኢቅ ወደ ባግዳድ የሚገሰግሰውን ተቀናቃኙን በጅከምን ለማገድ የነህረዋንን ቦይ አስደረመሰ። ነህረዋን ከዲጅላ በስተምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ፣ በሳሳኒያን ዘመን የተስፋፋ ታላቅ የውሃ መስመር ነበር። በጅከም ሳይገታ በዚያው ዓመት ከተማይቱን ያዘ፤ ቦዩ ያጠጣው የነበረው አገር ግን ወደ ቀድሞ ልማቱ አልተመለሰም። ለጥቂት ሳምንታት ጥቅም የብዙ ትውልድ ሥራ ፈረሰ።

በ334 ዓ.ሂ. (945 እ.ኤ.አ.) ባግዳድን የያዘው የቡወይሂዎቹ ሙዒዝ አድ-ደውላ ለወታደሮቹ የሚከፍለው ገንዘብ ስላጣ መሬት በኢቅጣዕ ያድላቸው ጀመር። ኢቅጣዕ በአገራችን ለወታደር በደሞዝ ፋንታ ይሰጥ ከነበረው የማደሪያ መሬት ጋር ይቀራረባል። የታሪክ ጸሐፊው ሚስከወይህ እንደሚያስረዳው፣ ባለ ኢቅጣዑ ገበሬውን ይመጠምጣል፣ ክትሩን ይተዋል፣ መሬቱ ሲጠፋም መልሶ ሌላ ይጠይቃል። መንግሥት ደሞዝ ከመክፈል ተገላገለ፤ ከኸራጁም ጭምር። ይኸው ጸሐፊ ሙዒዝ አድ-ደውላ በባግዳድ አካባቢ የተሰበረ ዳርቻ ሲደፈን ራሱ አፈር እንደተሸከመ፣ ከጥገናውም በኋላ የዳቦ ዋጋ እንደረከሰ ይመሰክራል። መፍትሔው አልተሰወረም ነበር።

የወንድሙ ልጅ ዐዱድ አድ-ደውላ ይህን በሰፊው አሳይቷል። ሰላማዊ ሰው አልነበረም፤ ባግዳድንም የያዘው በጦር ነው። ነገር ግን በከተማይቱ የተደፈኑትን ቦዮች አስጠረገ፤ በ982 እ.ኤ.አ. በስሙ የተጠራውን ታላቅ ሆስፒታል አስከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ሲሞት ልጆቹ ለሥልጣን ተዋጉ። በ991 እ.ኤ.አ. ከልጆቹ አንዱ በሃእ አድ-ደውላ ለወታደሮቹ የሚከፍለው ባጣ ጊዜ ኸሊፋ አጥ-ጣኢዕን ከዙፋኑ አውርዶ ንብረቱን ወረሰ።